በደቡብ ግድግዳ ላይ ያለው ልጅ

የተወለድሁበት ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ከሐይቁ ዳር ብዙም ሳይርቅ በደን ውስጥ ተሸሽጎ የቆመ ክብ ቤት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ተጉዞ ወደ ጣና የሚታጠፍ ሰው፣ አጸዱ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በእጁ ሊነካ እስኪደርስ ድረስ አያየውም። የታቦቱን ስም አልጠራም። የማወራው የእናቴን ነገር ነው፤ የሰፈሬ ሰው ደግሞ ቂም ሲይዝ አይጣል ነው።

ዕድሜው ስንት እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹን ብትጠይቁ አንዱ የአንዱን ንጉሥ፣ ሌላው የሌላውን ንጉሥ ስም ይጠራና ሊጣሉ ይደርሳሉ። እኔ የማውቀው ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ መሆኑን ነው። ጭቃው የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ እስኪቦካ ተትቶ፣ በእግር ተረግጦ የተለሰነ ነው። በሮቹ ደግሞ ከወፍራም የዋንዛ ግንድ የተጠረቡ ናቸው፤ ሲከፈቱ እንደ ሰው ያቃስታሉ። ከውጭ ሲገቡ መጀመሪያ ዘማሪዎቹ የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት አለ፣ ቤቱን እንደ ቀለበት ይዞረዋል። ቀጥሎ ሌላ ቀለበት አለ፣ ቅድስት ይባላል፣ ቆራቢው እዚያ ይቆማል። መሐል ላይ ያለው መቅደሱ ነው። እሱ አራት ማዕዘን ነው፣ ከካህናቱ በቀር የሚገባበት የለም። ሥዕሉ ሁሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጭቃው ላይ ጨርቅ ተለጥፎ፣ በጨርቁ ላይ ከታች እስከ ጣሪያው ድረስ ተሥሎበታል። ሴቶች የምንገባው በደቡብ በር ስለሆነ ዕድሜ ልካችንን የምናውቀው የደቡቡን ግድግዳ ነው። በሰሜን በኩል ምን እንዳለ ወንዶቹን ጠይቁ።

ከተማ ያለው ሰው ይህን ሁሉ «ቅርስ» ይለዋል። ቃሉን አልጠላውም፤ ግን ከእናቴ አፍ ሲወጣ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። እሷ ወደዚያ ቤት የምትሄደው ቅርስ ለማየት አልነበረም። ልጇን ለማየት ነበር።

ወንድሜ የሞተው እኔ ገና የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ነው። አራት ዓመት ቢሞላው ነው። ክረምት ሲወጣ በሐይቁ ዳር ወባ ይነሣል፤ የዚያ ዓመቱ ወባ ከሰፈራችን ብዙ ሕፃን ወሰደ፣ እሱንም አብሮ ወሰደው። ፎቶግራፍ የለውም። ያኔ ፎቶ ለመነሣት ባሕር ዳር መውረድ ያስፈልግ ነበር፤ ለሠርግ ወይም ለመታወቂያ ካልሆነ ደግሞ ማን ሕፃን አዝሎ ይወርዳል? ዛሬ እኔ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሳነሣ እውላለሁ። አንዳንዷ እናት «አልሳቀም፣ እንደገና አንሽልኝ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ መጀመሪያ ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ ሆዴ ይባባና እንደገና አነሣለሁ።

በደቡቡ ግድግዳ ላይ የቤተልሔም ሕፃናት አሉ፤ ንጉሡ ያስፈጃቸው። የድሮ ሠዓሊዎች ክፉውን ሰው የሚሥሉት ከጎኑ ነው፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ። ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥሉታል። ወታደሮቹ ሁሉ አንዳንድ ዓይን ነው ያላቸው፣ ሕፃናቱ ሁለት ሁለት። እናቶቻቸው አንዱን በእጁ፣ አንዱን በእግሩ ይዘው ከወታደሮቹ ጋር ይጓተታሉ። ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ በመቅደሱ በር መቃን አጠገብ፣ አንድ ልጅ ለብቻው ቆሟል። ወታደር አልያዘውም፣ እናትም አልያዘችውም። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ በቀጥታ የሚያየውን ሰው ያያል። ሠዓሊው እናቱን የሚሥልበት ቦታ ጠብቦት ይሁን፣ ደክሞት ይሁን፣ እንጃ።

ወንድሜ በሞተ በዓመቱ ይመስለኛል፣ እናቴ ከቅዳሴ በኋላ ግድግዳውን ልትሳለም ገብታ እዚያ ልጅ ፊት እግሯ ተያዘ። አባቴ ውጭ ቆሞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አትወጣም። እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበርሁ።

«እይው» አለችኝ። «ግንባሩን እይው።»

ግንባሩ ሰፊ ነው፤ ዓይኖቹም የተራራቁ ናቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እዚያ ግድግዳ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ የተራራቀ ነው። ግን ይህን ለእናቴ የሚነግራት ማን ነው?

«ሌሎቹ ሁሉ እናት እናት አላቸው» አለች። «እሱ ብቻ ነው ሰው የሚጠብቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የእሷ ሆነ። ቅዳሴ ባለቀ ቁጥር ወደ መቃኑ ጠጋ ትልና እግሩን ትስማለች፣ ትንሽም ታወራዋለች። ምን እንደምትለው አልሰማም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥሁ፤ ላማችን ሴት ጥጃ መውለዷን እየነገረችው ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ያውቃሉ፣ አንዷም ስቃባት አታውቅም። እንዲያውም ስትመጣ ቦታውን ይለቁላታል። ወደ ወንዶቹ በር ግን ወሬው አልተሻገረም፤ የእኛ ነገር ሆኖ ቀረ።

እኔ ራሴ የወንድሜን ፊት ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ የግድግዳው ልጅ ነው። የራሱ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ከጠፋኝ ቆይቷል። ያሳዝነኛል። ግን ጨርሶ ባዶ ከሚሆንብኝ ያ ፊት ይሻለኛል።

አንድ ዓመት ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ገበዙን አስፈቅጄ ልጁን በስልኬ አነሣሁት። ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የዋህም ናቸው። ሥዕሉን አጥርቼ፣ ጨለማውን ገፍፌ፣ በትልቁ አትሜ፣ በመስታወት አድርጌ ለእናቴ ወሰድሁላት። ተቀበለችኝ፣ ሳመችው፣ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው እማ?»

«እዚህ ብቻውን ነው፤ እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ነው» አለች። «ከጓደኞቹ ለይተሽ ሳጥን ውስጥ ልትከችው ነው?»

ስንት የደከምሁበትን! ተናድጄ ለጥቂት ቀን አኮረፍኋት። ፎቶው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ዳግመኛ አላነሣሁባትም።

ልጅ እያለሁ የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሣር ነበር። ሣሩ ሲያረጅ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሰንበሌጥ አጭዶ ይመጣል፣ ወንዶቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ይከድናሉ፣ ሴቶች ከታች ጠላ ያቀርባሉ። በኋላ ቆርቆሮ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ጨፈረ፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። በጀልባ ስንመጣ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ሲል «ያ የኛ ነው!» እንል ነበር። ክፋቱን ያየነው ከዓመታት በኋላ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ቅዳሴው አይሰማም፤ ቄሱ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ብቻ ነው የምናየው። ሚስማሮቹ ዛጉ፣ ቀዳዳቸው ሰፋ፣ ውኃው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ላይኞቹ መላእክት ታጠቡ። በየክረምቱ ርጥበቱ ዝቅ እያለ መጣ፤ ጨርቁ ከጭቃው ተላቆ እንደ ተነፋ አቁማዳ አበጠ። እናቴ ጣቷን ግድግዳው ላይ አድርጋ «እዚህ ደረሰ» ትለኛለች። በሚቀጥለው ዓመት «እዚህ ደረሰ» ትለኛለች። ቤታችን ውኃ የገባ ያህል ነበር የምትጨነቀው።

አንድ ጊዜ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከከተማ መጥቶ አየው። ባለሙያዎች እስኪመጡ ማንም እንዳይነካው ብሎ አስጠንቅቆ ሄደ። ልክ ነበር፤ አሁንም ልክ ነበር እላለሁ። ግን ዘመኑ ተበላሸ፣ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል፣ ማን ምን ይዞ ይመጣል? ዝናቡ ብቻ ነበር መንገድ የማይዘጋበት።

ገበዙ ሊያማክሩኝ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ። የሰፈራችን ተወላጆች ተሰብስበው አዲስ ቆርቆሮ ሊያለብሱት፣ ግድግዳውን ሊለስኑት፣ ሥዕሉንም ሊያሳድሱት መወሰናቸውን ነገሩኝ። ሠዓሊም ተገኝቷል አሉ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ።

«አባ፣ ባለሙያው አትንኩት ብሎ አልነበረም?» አልኋቸው።

«ብሏል ልጀ። እኔስ መች ጠላሁ? ባለሙያው እስቲመጣ ድረስ ዝናቡን ማን ይያዝልኝ?»

«የደቡቡን ግድግዳስ ቢተዉት?» ብል «የደቡቡማ ከሁሉም የባሰው አይደል!» አሉኝ። እሱም እውነት ነበር። ያን ጊዜ የሴቶቹን ነገር አወጣሁት። ስለ ወንድሜ፣ ስለ መቃኑ፣ ስለ ላማችን ጥጃ ሁሉ ነገርኋቸው። ገበዙ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙኝ። ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ይኸን ሁሉ ዘመን!» አሉ። «አይዞሽ፣ ልጁ አይጠፋም። እኔ ራሴ ለሠዓሊው እነግረዋለሁ። ለዚያ ልጅ የተለየ ጥንቃቄ አድርግለት እለዋለሁ።»

ደስ ብሎኝ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ዓይን ጨርሶ ደከመ። ሞራ ነበር፤ ዓመታት ሆኖታል። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ባልኋት ቁጥር «ምን አያለሁ ብየ ነው?» ትለኛለች። «አንችን በድምጥሽ አውቅሻለሁ፣ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል።» ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ዘመድ ልኬ እምቢ አለች። ከዚያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በሩ ላይ ቆመችና «ውሰጅኝ» አለች። ወዴት ብላት «ወደ ሐኪሙ። ዛሬ ልጁን አጣሁት። እግሩን በእጄ ነው ያገኘሁት፤ ፊቱ ግን የለም።»

ዓይኗ የጠፋው እሷ ናት፤ ዓይኔን የምጠርገው ግን እኔ ነበርሁ። በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ይዣት ወረድሁ።

ሞራው ተገፈፈላት። ሽፍኑ በተነሣ ጊዜ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ብዙ አየችኝ። ደስታ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አንች» አለችኝ፣ «መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽ?»

ነርሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ እውነቷን ነበር የምትጠይቀኝ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ውስጥ ያለውን ሁሉ መንቀፍ ጀመረች። ግድግዳሽ ቆሽሿል፣ መጋረጃሽ ተቀዷል፣ ይች ሠራተኛሽ ድስት አታጥብም። ዓይን ያበራሁላት ለመከራዬ ነው አልሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር እወስዳታለሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታንኳዎቹን እየቆጠረች ማዶ ያለውን ጥቁር ደን «ያ ዘጌ ነው አይደል?» ትለኛለች። ያ መሆኑን ስነግራት ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጠን ሳለን በድንገት «ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው» አለችኝ። «ምድጃ ላይ ወድቆ። ሥዕሉ ላይም አለች፣ ጭረት ናት። አሁን እሷንም አያታለሁ።»

ሁለት ሳምንት እናርፍና እንሄዳለን ብለን ነበር። መንገዱ ተዘጋ። በዚህ ዘመን መንገድ ሲዘጋ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው መቼ ይከፈታል ነው። ጀልባውም ቆመ። ስልክም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። እናቴ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ «ከየት መጣህ?» ትላለች። ወር አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ።

አንድ ቀን ስልኩ ሠራና ገበዙ ደወሉ። ድምፃቸው የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር። ቆርቆሮው ተለበሰ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ ሥዕሉም ተፈጸመ አሉኝ። ለዓመታዊው ንግሥ እንደምንም ብላችሁ ድረሱ አሉ።

«አባ፣ ያ ልጅ አለ?» አልኋቸው።

«አለ እንጅ! ምን ይሆናል? የት ይሄዳል? እንዴት አምሮልሻል መሰለሽ!»

ስልኩን ዘግቼ ለእናቴ ነገርኋት። ተነሥታ ነጠላዋን አጠበች።

ንግሡ ሦስት ቀን ሲቀረው መንገዱ ተከፈተ። በሚኒባስ፣ ቀጥሎ በባጃጅ፣ ቀጥሎ በእግራችን ሄድን። እናቴ ከፊት ከፊቴ ነበር የምትሄደው። ድሮ ክንዷን ይዤ የምመራት ሴትዮ ዛሬ «እዚህ ሥር አለ፣ እዚህ ድንጋይ አለ» እያለች ትመራኛለች። የበዓሉ ዋዜማ ላይ ቤቷ ገብታ አደረች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀድመን እንሂድ ብላት «ከነጓደኞቹ፣ በበዓሉ ቀን ነው የማየው» አለችኝ።

በማግስቱ ሕዝቡ አጸዱን ሞልቶት ነበር። ጫማችንን አውልቀን በደቡቡ በር ገባን። ከዕጣኑ በላይ የቀለሙ ሽታ ይሸታል። ቅድስት ውስጥ ስገባ ዓይኔን አላመንሁም። ያ የማውቀው ጥቁርና ጭስ የጠጣ ግድግዳ ጠፍቷል። ሰማዩ ሰማያዊ፣ የመላእክቱ ክንፍ ቀይ፣ የፈረሶቹ ልጓም ወርቃማ፤ ሁሉም በዘይት ቀለም ያብረቀርቃል። መብራቱ ሲያርፍበት ፊቶቹ ሁሉ ላብ ያላባቸው ይመስላሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። የሚያስለቅስ ነገር እንደሆነ የገባው ሰው የለም፤ ለምን ይግባው፣ ውኃ የበላው ቤተ ክርስቲያናቸው ድኖላቸዋል። እኔም ብሆን እናቴን ባልይዝ ኖሮ እልል እል ነበር።

ሴቶቹ ለእናቴ ቦታ ለቀቁላት። ወደ መቃኑ ቀረበች። እኔ ከኋላዋ በትከሻዋ ላይ አጮልቄ አየሁ።

ልጁ አለ። በቦታው አለ፣ እጁም ሆዱ ላይ ነው። ግን ብቻውን አይደለም። ሰማያዊ ነጠላ ያጣፋች አንዲት ወጣት ሴት አጠገቡ ተንበርክካ በክንዷ ትከሻውን አቅፋዋለች። ልጁ ፊቱን ቀና አድርጎ እሷን ያያል። ከግድግዳው ወደ ውጭ፣ ወደ እኛ ወደ ቆምነው፣ የሚያይ ዓይን የለም። ግንባሩ ጥርት ብሏል፤ ጭረት የለበትም።

እናቴ ብዙ ቆየች። አዲሱን ዓይኗን አጥብባ አየች፣ ራቅ ብላ አየች፣ ተጠግታ አየች።

«ይች ማናት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ውሸት ፈለግሁ፤ ዓይኗ የበራላትን ሴት ምን ብዬ እዋሻታለሁ?

«እናቱ ናት መሰለኝ» አልሁ።

ገበዙ በሩ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። ሠዓሊውን በክንዱ ይዘው አመጡት። ቀጭን ሰው ነው፣ አፋር፤ ጥፍሮቹ ሥር እስካሁን ሰማያዊ ቀለም አለ። ለእናቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ገበዙ ነግረውኛል እማማ፣ የሚወዱት ልጅ መሆኑን። ሌላውን ሁሉ እንደነበረው ነው የሠራሁት፤ ምንም አልጨመርሁም። እሱን ግን ብቻውን ሆኖ ሳየው አንጀቴ አልቻለም። ብዙ ቀን ሌላ ሌላውን እየሠራሁ አቆየሁት። በመጨረሻ እናት ሣልሁለት። ከግድግዳው ሁሉ የደከምሁት እሱ ላይ ነው።»

ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። የምቆጣው ሰው አጣሁ። ገበዙ የነገርኋቸውን አደረጉ፣ ሠዓሊው የነገሩትን አደረገ፤ እኔም የተናገርሁት ልጁ እንዲጠበቅ ነበር። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

እናቴ ሠዓሊውን አየችው። እጇን አንሥታ ጉንጩን ነካችው፣ ገና የልጅ ጉንጭ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጀ» አለችው። «ያማረች ናት። ወጣት ናት፣ ታሳድገዋለች።»

ዞር አለች። የልጁን እግር አልሳመችም። በሴቶቹ መሐል አልፋ፣ በሩን ተሳልማ ወጣች። እኔም ጫማዋን ይዤ ተከተልኋት። ታቦቱ ሊወጣ ነው፣ ከበሮው ይመታል፣ ሕዝቡ ወደ ፊት ይገፋል፤ እሷ በተቃራኒው ሕዝቡን እየሰነጠቀች ወደ ቤት ሄደች።

ቤት ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። የበዓል ነጠላዋን አውርዳ አየችው፤ ከዚያ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አዙራ እንደገና ለበሰችው። ነጠላ እንዲህ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

«እማ፣ ዛሬ ንግሥ ነው እኮ» አልኋት።

«አውቃለሁ።»

ወንድሜ የሞተ ጊዜ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሕፃን ነው፣ መልአክ ሆኗል፣ ለመልአክ አይለቀስም ብለው ከለከሏት። ቀብረውት ሲመለሱ ለሰዎቹ እህል አቀረበች፣ በማግስቱ እንጨት ለቅማ መጣች። ይህን የነገረችኝ ያን ዕለት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነው። «አልሞተብኝም ብየ ነበር» አለችኝ። «እዚያ ቁሞ ይጠብቀኛል ብየ ነበር። እኔም አልቸኩልም ነበር።»

ታቦቱ ከመግባቱ በፊት ጎረቤቶቻችን እንኳን አደረሰሽ ሊሉ መጡ። አራት ሴቶች ናቸው፣ በበዓል ቀሚሳቸው፣ ድፎ ዳቦ በሞሰብ ይዘው፣ እየሳቁ ገቡ። የእናቴን ነጠላ ሲያዩ ሳቁ ካፋቸው ላይ ቀረ።

«ምነው? ምነው? ማን ሞተ?» አለች የሁሉም ታላቅ የሆነችው።

እናቴ ቀና አለች።

«ልጀ» አለች።

ሴቶቹ እኔን አዩኝ፤ እኔ በሕይወት አለሁ። ሌላ ልጅ የላትም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። የደቡቡን ግድግዳ ጠዋት ሁላቸውም አይተውታል፤ መቃኑ አጠገብ ለእናቴ ቦታ የለቀቁት እነሱ ናቸው። የትኛው ልጅ፣ መቼ ሞተ ብላ የጠየቀች የለችም። ትልቋ ሞሰቧን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አውርዳ አዘቀዘቀችና ከእናቴ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሏት። «ወይኔ ልጁን! ወይኔ ያንን ልጅ!» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እናቴ ያን ጊዜ ነው ድምፅ ያወጣችው። በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ነበር።

ውጭ ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። እኔም ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ከመካከላቸው ገብቼ ወንድሜን አለቀስሁት።